ሆድ ይፍጀው ካልን በኋላ

አባቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ መጣ። ባጃጅ አጥቶ ነው፤ ይቅርታም ጠይቋል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰው ፊት ጮህኩበት። እሱም ዝም አለ፣ ቢሮውም ዝም አለ፣ እኔም ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ስል እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሃያ ደቂቃ ይህን ያህል አያስቆጣም። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ግን ምን?

ያን ቀን ራሴን መመርመር ጀመርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልጀመርኩም። እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበርና። "ራስህን አዳምጥ"፣ "ውስጥህን ፈውስ"፣ "ከራስህ ጋር ታረቅ" የሚል ምክር በየቀኑ ስልኬ ላይ ይመጣል። ቃሉ ያምራል። ግን ማክሰኞ ማታ ከሥራ ደክሞት የገባ ሰው ራሱን የሚያዳምጠው ምን አድርጎ ነው? ተቀምጦ ነው? ተኝቶ ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይህን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትንና በራሴ የሞከርኩትን፣ እዚህ ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው በሚገባ መንገድ ላስቀምጠው።

እኛ ዘንድ ሕመም የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ሆድ ነው። ሰው ሲበድለን፣ ሲከዳን፣ ሲሞትብን "ሆድ ይፍጀው" እንላለን። የቻለ ሰው ይከበራል፣ ሆደ ሰፊ ይባላል። ያለቀሰ ወንድ ግን "ጠንከር በል እንጂ" ይባላል። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም። አያቶቻችን ስንቱን ክፉ ዘመን ያለፉት ችለው ነው፤ ልጅ እያሳደጉ፣ ማሳ እያረሱ፣ ቁጭ ብለው የሚያዝኑበት ጊዜ ከየት ይምጣ? ችግሩ ሆድ የተሰጠውን ሁሉ አይፈጅም። የተረፈው በሌላ በር ይወጣል። በራስ ምታት ይወጣል፣ በጨጓራ ይወጣል፣ እንቅልፍ በማጣት ይወጣል፣ ባጃጅ ባጣ ሰው ላይ በመጮህ ይወጣል።

ታዲያ መፍትሔው ስለ ሕመሙ ማሰብ ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሰብማ እኔም አስቤያለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃና ጣሪያውን እያየሁ ያንኑ ነገር መቶ ጊዜ አመላልሰው ነበር። እንዲህ ብሆን ኖሮ፣ እንዲያ ባደርግ ኖሮ። ይህ መመርመር መስሎኝ ነበር። አይደለም። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ውስጥ ውስጡን መብሰልሰል ይባላል። እሳቱም አይጠፋ፣ ድስቱም አይወርድ፣ ዝም ብሎ መንተክተክ ነው።

ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብዙ ዘመኗን የሰጠችው ለዚህ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1989 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ተመራማሪዋ ደግሞ እንዳጋጣሚ ከሁለት ሳምንት በፊት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ ሲከፋቸው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቃ መልሳቸውን መዝግባ ነበር። ከአደጋው ሰባት ሳምንት በኋላ እንደገና አየቻቸው። ከአደጋው በፊትም ሐዘናቸውን እያመላለሱ የመዋል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች፣ ከሌሎቹ ይልቅ የድባቴ ምልክት በርትቶባቸው ተገኘ። መሬቱ የተንቀጠቀጠው ለሁሉም ነው። መብሰልሰሉ ግን አንዳንዱን ከጉዳቱ እንዳይወጣ ይዞታል።

ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው። ግማሽ ሰዓት ካሰብኩ በኋላ ስለ ራሴ ትናንት ያላወቅሁት አንድ ነገር አግኝቻለሁ? ካገኘሁ መርምሬያለሁ። ካላገኘሁ ዞሬያለሁ። አውድማ ላይ በሬ ሲዞር ቢያንስ እህል ይወቃል። መብሰልሰል እህል የሌለበት አውድማ ነው። በሬው ይደክማል፣ ገለባ እንኳን አይገኝም።

እኔን ከዚያ ዙሪት ያወጣኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ ቅኔ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ያልሰማ የለም። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም። አጎቴ ግን ልጅ ሆኖ ገብቶ ነበርና ስለ ትምህርቱ ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የቅኔ ተማሪ ቀን ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወጣ ይላል። ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ብቻውን ይቀመጣል። ቃሉን ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ይጥላል፣ ያነሣል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ከዚያ ወደ መምህሩ ተመልሶ ያሰበውን ይናገራል። ይህ ነገራ ነው። የኔታ ያርሙታል፣ ይመልሱታል፣ ሲያምር ደግሞ ያደንቁታል። ብቻውን ቆጥሮ ሳይናገር የቀረ ተማሪ ቅኔው መቅናቱን አያውቅም። ሳይቆጥር ለነገራ የሚቀርብ ደግሞ የሚለው የለውም።

ሁለተኛው ነገር ሰምና ወርቅ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። በቅኔም የላይኛው ትርጉም ሰም ነው፣ የተሸሸገው ወርቅ። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን ሁለቱን የሚያገናኘውን ቃል ነው። ኅብረ ቃል ይባላል። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይሸከማል። እሱን ያገኘ ቅኔውን ይፈታል፤ ያላገኘ ሰሙን ይዞ ይቀራል።

እኔ ሰሙን ይዤ ቀርቼ ነበር። "ሰው ቀጠሮ አያከብርም፣ ለዚህ ነው የምናደደው" ነበር የምለው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቴ ያረፈው ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለም። መርዶውን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። መንገድ ተገኝቶ ስደርስ ሰልስቱ አልፏል። ድንኳኑ ፈርሷል። ወንበሩ ወደ እድሩ ቤት ተመልሷል። ለቀስተኛው ወደየቤቱ ተበትኗል። እናቴ አቀፈችኝ፣ ሰዉ "እግዜር ያጽናህ፣ እንኳን በደህና ገባህ" አለኝ፣ እራት ቀረበ። እኛ አገር ለቅሶ ሥርዓት አለው፤ ሙሾ የሚያወርድ አለ፣ ደረት የሚመታ አለ፣ ያንተን ሐዘን ሰው አብሮህ የሚሸከምበት ሰዓት አለ። እኔ በዚያ ሰዓት አልነበርኩም። ከሳምንት በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሲጠይቁኝ "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" እላለሁ።

ሃያ ደቂቃ ባረፈደው ሰው ላይ ከጮህኩ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ወረቀት አወጣሁ። በዚያ ሳምንት ያናደደኝን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። አውቶቡሱ ዘገየ። የእህቴ ልጅ እደውላለሁ ብሎ ዘገየ። ደመወዝ ዘገየ። አንድ ወዳጄ ሠርግ ላይ ዘግይቶ መጣ። አምስተኛውን ልጽፍ ስል እስክሪብቶዬ ቆመ። ዘገየ፣ ዘገየ፣ ዘገየ። የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ኅብረ ቃሉ እሱ ነበር። ሰሙ እነሱ ናቸው፣ ወርቁ እኔ ነኝ።

ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን "ቤቱ ባዶ ነው" ማለት ትወዳለች። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫው ሙሉ ነው። ግን ገበያ በወጣች ቁጥር ሳሕን ትገዛለች፣ ብርጭቆ ትገዛለች። ሦስት ልጆቿ ተራ በተራ ከአገር ወጥተዋል። ቤቱ ባዶ ነው ስትል ውሸት አልተናገረችም፤ ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ሳሕን አይደለም።

እንግዲህ መጀመሪያ የምታደርጉት ይህን ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ስሜታችሁ ከነገሩ ሲበልጥ መዝግቡት። ነገሩ ትንሽ ሆኖ ንዴቱ ትልቅ የሆነበትን፣ ወይም ያለ ምክንያት እንባ የመጣበትን፣ ወይም ደግሞ ሰውነታችሁ በድንገት የዛለበትን። አንድ መስመር ይበቃል። ስልክ ላይም ይሆናል። ዋናው የምትጽፉት በአፋችሁ የመጣውን ቃል እንዳለ መሆን አለበት፤ "ማንም አያስበኝም" ብላችሁ ከሆነ እንደዚያው፣ "ደከመኝ" ከሆነም እንደዚያው። አትተርጉሙት፣ አታሳምሩት። በሳምንቱ መጨረሻ ዝርዝሩን አንብቡና የሚደጋገመውን ቃል ፈልጉ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ላይገኝ ይችላል። የቅኔ ተማሪም በአንድ ቀን ቅኔ አይሞላለትም።

ቃሉ ሲገኝ ስሜቱን በስሙ መጥራት ይቀጥላል። "ደብሮኛል" ወይም "ከፍቶኛል" ጥሩ መነሻ ነው፣ ግን ሁሉን በአንድ ከረጢት ይከታል። አማርኛ ደግሞ በዚህ ባለጸጋ ነው። ንዴት ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። ቅያሜ ግን የምንወደው ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ መንገድ ላይ የገፈተረንን መንገደኛ እንናደድበታለን እንጂ አንቀየመውም። ስለዚህ "ተቀይሜዋለሁ" ካላችሁ ያንን ሰው ገና ትፈልጉታላችሁ ማለት ነው። ቂም ሰንብቶ የደረቀ ቅያሜ ነው። ጸጸት በራሳችን ጥፋት የሚመጣ ነው። ቁጭት ደግሞ ያመለጠን ነገር ነው፣ እጃችን እያለ ያልደረስንበት፣ ወይም እጃችን ታስሮ ቆመን ያየነው። ሐፍረት ከሁሉም ይከብዳል፤ ጸጸት "ያደረግሁት መጥፎ ነው" ሲል ሐፍረት "እኔ መጥፎ ነኝ" ይላል። ሆድ የባሰው ሰው ደግሞ ምክር አይፈልግም። "አይዞህ" የሚለው አንድ ሰው ነው የሚፈልገው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለቋንቋ ፍቅር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ስሜት የሚጠይቀው ነገር ስለሚለያይ ነው። እኔ ለወራት "ጸጸት ይዞኛል" እያልኩ ነበር። ጸጸት ካለ ጥፋት አለ፤ ጥፋት ካለ ይቅርታና ንስሐ አለ። እኔም የሌለብኝን ጥፋት ስፈልግ ኖርኩ። ለምን ቀደም ብዬ አልሄድኩም፣ ለምን በእግሬም ቢሆን አልተነሣሁም እያልኩ። ወረቀቱ ላይ ግን በግልጽ ሳየው መንገዱን የዘጋሁት እኔ አልነበርኩም። ስሜቱ ቁጭት ነበር። ቁጭት ይቅርታ አይጠይቅም። ቁጭት የሚፈልገው ለቅሶ ነው። ለወራት ለአንዱ በሽታ የሌላውን መድኃኒት ስወስድ ነበር ማለት ነው።

ስሜትን በስሙ መጥራት አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን የአእምሮ ምስል ማንሻ ውስጥ አስገብተው የተቆጣና የፈራ ፊት አሳዩአቸው። ፊቱ ላይ ያለውን ስሜት በቃል ሲሰይሙት፣ አሚግዳላ የሚባለው ለአደጋና ለፍርሃት ቶሎ የሚነሣው ትንሽ የአእምሮ ክፍል ረገብ አለ። ከግንባር በኩል ያለው የአእምሮ ክፍል ደግሞ በርታ ብሎ ሠራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን የአእምሮ ምስል አላዩም፤ ነገሩን ግን አውቀውታል።

አሁን ወደ ቆጠራው እንግባ፣ ማለትም ለብቻ ተቀምጦ ወደሚሠራው ሥራ። በዚህ ላይ ብዙ የተጠናው መጻፍ ነው። ጀምስ ፔነቤከር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በተከታታይ ለአራት ቀን፣ በቀን ለ15 ደቂቃ አስጻፋቸው። አንዳንዱ ስለ ተራ ነገር ይጽፋል፣ ሌላው በሕይወቱ ስለደረሰበት ከባድ ነገር። ከባዱን ነገር ከጻፉት ውስጥ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በተከታዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሱበት ጊዜ ቀነሰ። ሆነ የተባለውን ብቻ መዘርዘር፣ ወይም ስሜቱን ብቻ ማፍሰስ ይህን ያህል አልጠቀመም። ሁለቱ መጋባት አለባቸው። "ድንኳኑ ፈርሶ ደረስኩ" የሆነው ነው። "አባቴን ማንም ያልቀበረልኝ ያህል ተሰማኝ" ደግሞ የተሰማኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ጽፋችሁ እንደጨረሳችሁ ቀለል አይላችሁም። የባሰ ይከፋችኋል። በዚያ ጥናትም ሰዎቹ ወዲያው ከጻፉ በኋላ ስሜታቸው ወርዶ ነበር፤ ጥቅሙ የመጣው ሰንበት ብሎ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን ላይ "ይሄማ አቆሰለኝ" ብሎ የሚተወው ይህን ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ልትተኙ ስትሉ አትጻፉ። አመሻሽ ላይ ጽፋችሁ ከዚያ በኋላ ሰው ያለበት ሂዱ፣ ቡና አፍሉ፣ ከልጆች ጋር ተጫወቱ። ደግሞ ተአምር አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ሥራ 146 ጥናቶችን ደምሮ ሲያያቸው መጻፍ ይጠቅማል፣ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው አለ። እኔ ትንሹን አልንቅም። ዋጋው አንድ እስክሪብቶና አራት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው።

ደቂቃውን በስልክ ቆልፉት። 15 ሲሞላ አቁሙ፣ ዐረፍተ ነገሩ ባያልቅም አቁሙ። ይህ ገደብ ነው መመርመርን ከመብሰልሰል የሚለየው፤ መብሰልሰል ሰዓት የለውም። ፊደሉ ቢሳሳት ግድ የለም። ማንም አያነበውም። ሰው ያገኘዋል ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ ቅደዱት ወይም አቃጥሉት። መጻፉ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም የሚሠራው።

መጻፍ የማይችል፣ ወይም ችሎም የማይሆንለት ሰውስ? አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ የምታንጎራጉረውን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። የሞተ ወንድሟን ታነሣለች፣ ያስከፋቻትን አማቷን ታነሣለች፣ በዘፈኑ መሃል ራሷን "አንቺ" እያለች ትጠራለች፤ ምነው አንቺ፣ እንዴት ቻልሽው አንቺ ትላለች። እኛ ልጆቹ ሥራ ማቅለያ ይመስለን ነበር። አሁን ሳስበው ቆጠራ ነበር። ዛሬ እህሉ በሞተር ይፈጫል፣ ድካሙ ቀርቷል፣ ጥሩ ነው። ለብቻ ሆኖ የሚንጎራጎርበት ሰዓት ግን አብሮ ቀረ። ስለዚህ መጻፍ ካልሆነላችሁ ተናገሩት። ከብት እየጠበቃችሁ፣ ጣና ዳር እየተራመዳችሁ፣ ወይም ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃችሁን ቅዱት።

አያቴ ራሷን "አንቺ" ማለቷም ትንሽ ነገር አይደለም። ኢታን ክሮስ የሚባል የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ሥራ፣ ሰው ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ከራሱ ጋር ሲነጋገር "እኔ" ከማለት ይልቅ ራሱን በስሙ ወይም "አንተ" ብሎ ቢጠራ ስሜቱን ለመግዛት እንደሚቀለው አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የወዳጃችንን ችግር በርጋታ እናየዋለን፤ የራሳችንን ግን ውስጡ ሆነን ነው የምናየው። በስም ስንጠራው ትንሽ ራቅ እንላለን። ፎካሪ እንኳ በፉከራው መሃል ራሱን "የእገሌ ልጅ" እያለ በሌላ ሰው አፍ እንደሚጠራ አስቡት።

አጠያየቅም ለውጥ ያመጣል። "ለምን እንዲህ ሆንኩ?" የሚለው ጥያቄ እንደ ዳኛ ነው። ጥፋተኛ ሳያገኝ አይነሣም፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደግሞ እናንተን ነው፣ ሰነፍ ስለሆንኩ፣ ዕድለ ቢስ ስለሆንኩ ትላላችሁ። "ምን" ብላችሁ ጀምሩ። ምን ተሰማኝ? ሰውነቴ ላይ የት ተሰማኝ? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ያን ሰዓት ምን ቢደረግልኝ እፈልግ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ቆዩበት። እኔ የመለስኩት "አንድ ሰው ጠብቆኝ ቢሆን" ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ እንባ የመጣው።

አሁን ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ሁሉም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ ቁስሉን መንካት የለበትም። ጁዲት ኸርማን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ከከባድ ጉዳት የሚያገግም ሰው ስለሚያልፍባቸው ደረጃዎች ስትጽፍ መጀመሪያ ያስቀመጠችው ደኅንነትን ነው። ማስታወስና ማዘን ሁለተኛ ነው። ከሰው ጋር መልሶ መቆራኘት ሦስተኛ። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ቤቷ ውስጥ እየተደበደበች ያለች ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ማስታወሻ ደብተር አይደለም፣ ከዱላው መራቅ ነው። ሌሊት ተኩስ እየሰማ የሚያድር ሰው፣ ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ተፈናቃይ፣ አሁን ችሎ መዋሉ ድክመት አይደለም። ለእሱ "ሆድ ይፍጀው" ለጊዜው ልክ ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ የሚታመን ሰው አጠገብ መሆን ይቅደም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ካየነው አንጻር ይህ ብዙ ሰውን ይመለከታል።

ስትጽፉ ወይም ስታስቡ ያ ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ድምፁ ከተሰማችሁ፣ ሽታው ከመጣ፣ ልባችሁ ከደለቀና ትንፋሽ ካጠራችሁ አቁሙ። እግራችሁን መሬት ላይ አጥብቁ። ዙሪያችሁን አይታችሁ አምስት ነገር በስሙ ጥሩ፤ በር፣ ጀበና፣ መስኮት፣ ጫማ፣ ግድግዳ። ቀኑን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ያንን ጉዳይ ለብቻችሁ አትቆፍሩት፤ ያ በባለሙያ እጅ የሚነካ ቁስል ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባችሁም መቼ እንደሆነ ልናገር። ሐዘኑ ወይም ደስታ ማጣቱ ቀኑን ሙሉ እየዋለ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራ መሥራት ካቃታችሁ፣ ያ ድባቴ ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስም ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ለዚያ ከራቃችሁ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። "ሞቼ ባረፍኩት" የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ ሆስፒታል ሂዱ። ወዳጃችሁ እንዲህ ካላችሁም አትቆጡት፣ "ኃጢአት ነው" ብላችሁ አፉን አትዝጉት፣ አብራችሁት ሂዱ።

ጠበል የምትሄዱ ሂዱ። እኔም ሄጃለሁ፣ ጸሎቱም ጸጥታውም ረድቶኛል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ጠበል ልግባ ብላችሁ አታቋርጡ፤ ሁለቱ አይጣሉም። አረቄ ግን አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል፣ ሌሊቱ አጋማሽ ላይ መልሶ ያባንናል፣ ጠዋት የባሰ ይከፋል። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁላችንም በሠፈራችን አይተነዋል።

የቀረው ነገራው ነው። ብዙዎች ቆጠራውን ይሠሩና ነገራው ላይ ይቀራሉ። ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጣሉ። ግን ከሰው ተለይቶ የቆሰለ ነገር ከሰው ተለይቶ አይድንም ብዬ አምናለሁ፣ ቢያንስ እኛ አገር። ደግሞ ለማንም አይነገርም። ነገ ቡና ላይ የሚያወራው ሰው አይሆንም። ሳትጨርሱ "እኔስ የደረሰብኝ" ብሎ የሚነጥቃችሁም አይሆንም። የንስሐ አባት ያላችሁ፣ ምሥጢር የሚጠብቁና የማይቸኩሉ ከሆኑ መልካም ነው። ወዳጅም ይሆናል፣ ታላቅ እኅትም ትሆናለች። ከመጀመራችሁ በፊት የምትፈልጉትን ንገሯቸው፤ "ምክር አልፈልግም፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ ብቻ" ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም ሰሚውን ይገላግለዋል። ሰው የሚቸኩለው መፍትሔ ማምጣት ያለበት ስለሚመስለው ነው።

እኔ የተናገርኩት ለእናቴ ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ዕለት ማታ ነበር። እንግዳው ሁሉ ተሸኝቷል። እሷ ማድ ቤት ውስጥ እሳቱ አጠገብ የጠላውን እንስራ እያጠበች ነበር። ሦስት ጊዜ ልናገር ብዬ ሦስት ጊዜ ስለ ከብቶቹ ጠየቅኋት። በመጨረሻ ወጣ።

"እማዬ፣ እኔ እኮ አባዬን አላለቀስኩትም" አልኳት።

እጇ ቆመ። ቀና ብላም አላየችኝም።

"እኔስ መቼ አለቀስኩት" አለች። "እንጀራ ስጋግር፣ ሰው ስቀበል፣ ሰው ስሸኝ ነው ያለፈው። መንገዱን መንገዱን ሳይ። አንተ ሳትመጣ እንዴት አድርጌ ላልቅስ?"

ለአንድ ዓመት ማንም አልጠበቀኝም ስል ነበር። እንስራውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አበሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና መደቡ ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"በል እንግዲህ" አለችኝ።